ስምንት ግራም ወርቅ በመቶ ብር፦ የአንድ የፒያሳ ወርቅ ቤት ፕሮግራም የጉዳይ ጥናት

ሁለት ደረሰኝ አለ። ሁለቱም የወጡት ለአንድ ቀለበት ነው። ክብደቱ 8.412 ግራም፣ የግራሙ ዋጋ ደግሞ 12,500.00 ብር ተብሎ ገብቷል (ዋጋው ለምሳሌ ነው፣ የሰው ገበያ እዚህ አልዘረግፍም)። ካልኩሌተር ላይ ስትመታው 105,150 ብር ይመጣል። አንዱ ደረሰኝ ግን 100.94 ይላል። ሌላው 100,00 ይላል፣ ያውም በነጥብ ሳይሆን በኮማ። ፕሮግራሙ አንድ፣ ቀለበቱ አንድ፣ ቁልፉን የተጫነችው ልጅም አንድ። የተለያየው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ፍሎት ወይም ወደ ደብል (ነጥብ ያለበትን ቁጥር የሚይዙ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፣ ሰፊው ደብል ነው) መቀየር ሁላችንም ግቢ ውስጥ በአንድ መስመር ተምረነው ያለፍነው ነገር ነው። ፈንክሽኗን ትጠራለህ፣ ቁጥሩን ትቀበላለህ፣ ወደ ሌላው ሥራህ ትሄዳለህ። እዚህ ቤት ግን ያቺ አንድ መስመር ወርቅ ስትመዝን ነው የኖረችው።

ቤቱ ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የድሮ ሱቃቸውን ለቀው እዚያው ሰፈር ሌላ ሕንፃ ላይ ገብተዋል። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አማርኛ የሚያሳይ፣ ከሚዛኑ ክብደት ተቀብሎ በዋጋ አባዝቶ ደረሰኝ የሚያወጣ ነገር ነው። የጻፈው ልጅ ከዓመታት በፊት ውጭ ሄዷል። ኮዱ ግን አለ፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው። የስንቱ ሱቅ ፕሮግራም ኮዱ የት እንደገባ ሳይታወቅ እንደሚሠራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ጋሼ ሲደውሉልኝ ያሉት አንድ ነገር ነው። «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ቀልድ ጀምሯል።»

ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ነገር አሁን ለምን ተበላሸ? ኮዱን ማንም አልነካውም። የተቀየሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ካሸሯ ተቀይራለች። የድሮዋ ዋጋ ስታስገባ 12500 ብላ ነበር የምትጽፈው። አዲሷ የተማረችው አካውንቲንግ ነው፣ ቁጥርን በኮማ ሳትከፍል መጻፍ ያማታል። ሁለተኛ፣ የጋሼ ታናሽ ወንድም ከጀርመን ላፕቶፕ ይዞላቸው መጥቷል፣ ሲስተሙም ገና ሲጫን በጀርመን አገር ልማድ የተስተካከለ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ጓዳ ገብቶ እንደ መጠባበቂያ ይሠራል።

ኮዱን ስከፍት ጥርጣሬዬ ማረፊያ አላጣም። ኤቶኤፍ (atof) የምትባለው ፈንክሽን። ዋጋውንም ክብደቱንም ወደ ቁጥር የምትቀይረው እሷ ናት።

ኤቶኤፍ ጽሑፍ ትቀበልና ደብል ትመልሳለች፣ በቃ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ትዘላለች፣ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ካለ ታያለች፣ ከዚያ ቁጥር እስከሆነላት ድረስ ታነባለች፣ ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲገጥማት ዝም ብላ ትቆማለች። የት እንደቆመች አትናገርም። ምንም ቁጥር ካላገኘች ዜሮ ትመልሳለች። እውነተኛ ዜሮ ሲመጣላትም ዜሮ ትመልሳለች። ሁለቱን የምትለይበት መንገድ የለም። ቁጥሩ ደብል ሊይዘው ከሚችለው ውጭ ከሆነ ደግሞ ምን መሆን እንዳለበት የሲ ስታንዳርድ ጭራሽ አይወስንም፣ የፈለገው ይሁን ብሎ ትቶታል።

እንግዲህ 12,500.00 ሲመጣላት 12 አንብባ ኮማው ላይ ቆመች። 12 በ8.412 ሲባዛ 100.944። ደረሰኙ ላይ 100.94። የአሮጌው ኮምፒውተር ነገር በዚሁ ተፈታ።

ከእኔ በፊት አንድ ዘመዳቸው ነገሩን ለማስተካከል ሞክሮ ነበር። የዋጋውን መስመር ለብቻው አውጥቶ ኤቶኤፍን ኤስስካንኤፍ በምትባለው ተክቷታል፣ እሷ ስንት ቁጥር እንዳነበበች ትናገራለችና አንድ ካላለች ስህተት ነው ብሎ እንዲያስጠነቅቅ አድርጎታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን አልሠራም። ለ12,500.00 ኤስስካንኤፍ የምትመልሰው አንድ ነው። አንድ ቁጥር አነበበች፣ 12ን። አልዋሸችም። ጥያቄው «ቁጥር አገኘሽ ወይ» ሳይሆን «ከቁጥሩ በኋላ ምን ተረፈሽ» መሆን ነበረበት። ልጁ ሲያቅተው ወደ ቀድሞው መልሶታል።

የላፕቶፑ ደረሰኝ ግን ራሴን አሳከከኝ። 12 በ8.412 ሲባዛ በምንም ተአምር ድፍን 100 አይመጣም። ፍንጩ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው፣ 100,00 በኮማ። አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር የአስርዮሽ ምልክቱን ቀይሮታል።

ያ ነገር ሎኬል ነው፣ የአንድ አገር የቋንቋና የቁጥር አጻጻፍ ልማድ የሚቀመጥበት ቅንብር። የሲ ፕሮግራም ሲነሳ በራሱ በ«ሲ» ሎኬል ነው የሚጀምረው፣ እዚያ ደግሞ የአስርዮሽ ምልክቱ ነጥብ ነው። የኮምፒውተሩ አቀማመጥ የፈለገውን ቢሆን ፕሮግራሙ አይነካም፣ ሎኬል የምትቀይረዋን ፈንክሽን፣ ሴትሎኬልን፣ ራሱ ካልጠራ በስተቀር። ይሄኛው ይጠራል። ለምን ቢባል አማርኛው ስክሪን ላይ በትክክል እንዲታይ፣ አለበለዚያ ፊደሉ ይዘበራረቃል። ግን ሲጠራ ባዶ ጽሑፍ ሰጥቶ «ሁሉንም እንደ ኮምፒውተሩ አድርግ» ብሏል፣ ሁሉም ውስጥ ደግሞ የቁጥር አጻጻፉም አለ። ጀርመኖች ከነጥብ ይልቅ ኮማ ነው የሚጠቀሙት፣ ሺውን የሚከፍሉት በነጥብ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ 12,500.00 ማለት አሥራ ሁለት ከግማሽ ሆነ፣ ነጥቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሚዛኑ የላከው 8.412 ደግሞ ነጥቡ ላይ ቆሞ 8 ሆነ። 12.5 በ8 ሲባዛ 100። ሲታተምም በኮማ፣ 100,00። ሁለት ስህተት ተባዝቶ ድፍን ያለ፣ ሥርዓት ያለው የሚመስል ቁጥር ወጣ። የአማርኛው የኢትዮጵያ ሎኬል በነጥብ ስለሚሠራ አገር ቤት በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ይሄን ችግር አታዩትም፣ ለዚያም ነው አሮጌው ላይ ያልታየው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ሴትሎኬል ለሁሉም ከተጠራ በኋላ የቁጥሩን ክፍል፣ ኤልሲ ኒዩመሪክ የሚባለውን ብቻ፣ ወደ «ሲ» መመለስ። አማርኛው እንዳለ ይቀራል፣ ነጥቡም ነጥብ ይሆናል። በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) የሚሠራ ፕሮግራም ካላችሁ ግን ሴትሎኬል የመላውን ፕሮግራም አቀማመጥ የሚቀይር መሆኑን አትርሱ፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ ጥሩትና ተዉት።

እዚህ ላይ ጋሼ ደስ ብሏቸው ማኪያቶ አዘዙ። እኔ ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ካሸሯ ቀስ ብላ የነገረችኝ ነው። «አንዳንዴ እኮ ዜሮ ግራም ይላል። ዜሮ ሲል ድጋሚ እጫነዋለሁ፣ ከዚያ ይመጣል።» የድሮዋም እንደዚሁ ታደርግ ነበር፣ እንዲያውም ለአዲሷ ያስተማረቻት እሷ ናት።

የማያስቀው ስህተት

ሚዛኑ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በሲሪያል ኬብል ነው። ክብደቱን የሚልከው እንደ ጽሑፍ ነው፣ በመስመር 17 ባይት። መጀመሪያ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። «ኤስ ቲ» ከሆነ ሚዛኑ ረግቷል፣ «ዩ ኤስ» ከሆነ ገና እየተወዛወዘ ነው። ከዚያ ኮማ። ከዚያ ምልክት ያለበት ቁጥር፣ ለቀለበታችን +0008.412። ከዚያ ሁለት ባዶ ቦታና ግራም ማለት የሆነችው «ጂ»። መጨረሻ ላይ መስመሩን የሚዘጉ ሁለት የማይታዩ ባይቶች።

ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? ከወደቡ የመጣለትን ይቀበላል፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ባይቶች ሳያያቸው ይዘላል፣ የቀረውን ለኤቶኤፍ ይሰጣል።

ፍጥነቱ በሰከንድ 2400 ቢት ነው። አንድ ፊደል ከነመነሻና መዝጊያው 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ 240 ፊደል ማለት ነው፣ 17ቱ ባይት ተጠናቆ እስኪደርስ 70 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለኮምፒውተር ይሄ ዘላለም ነው። ወደቡ በተቀናበረበት በዚህ አሠራር ንባቡ መስመር እስኪሞላ አይጠብቅም፣ እስካሁን የደረሰውን ሰጥቶህ ይሄዳል።

የመጣውን ሁሉ እንዳለ የሚጽፍ ሎግ አስገባሁ፣ እያንዳንዱን ንባብ በቅንፍ ከብቤ፣ ባዶ ቦታና የማይታዩ ባይቶችም በቁጥር እንዲታዩ አድርጌ። ይሄን ሳያደርጉ የጽሑፍ ንባብ ባግ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፣ ስክሪን ላይ ደህና የሚመስለው ነገር ውስጡ ሌላ ነው። ሎጉ ላይ የወጣው ይሄ ነው። አብዛኛው ሙሉ መስመር ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ቅንፍ በ«412 ጂ» ይጀምራል፣ ሦስቱ ሲዘለሉ ባዶ ቦታና «ጂ» ብቻ ይቀራሉ፣ ኤቶኤፍም ዜሮ ትላለች። የካሸሯ ዜሮ እሱ ነው። አንዱ ደግሞ በ008.412 ይጀምራል፣ ሦስቱ ሲዘለሉ .412 ይቀራል፣ ይሄ ደግሞ ሕጋዊ ቁጥር ስለሆነ ስምንት ግራሟ ወድቃ ግማሽ ግራም እንኳ ሳይሞላ ይመጣል።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ሦስተኛው ነው። ቅንፉ በትክክል ይጀምርና +0008. ላይ ያበቃል። የቀረው 412 ገና መንገድ ላይ ነው። ኤቶኤፍ ስምንት ነጥብ አንብባ 8 ትላለች። ዋጋው በትክክል 12500 ተብሎ ቢገባ እንኳ ደረሰኙ 100,000 ብር ይላል። 5,150 ብር ቀልጦ ቀረ። ማንም አይስቅም፣ ማንም ድጋሚ አይጫንም። ስምንት ግራም ቀለበት በመቶ ሺህ ብር፣ ምኑ ይጠረጠራል?

በመቶ ብር የወጣው ደረሰኝ የተያዘው አስቂኝ ስለነበር ነው። ይሄኛው ፊቱ ደህና ስለሆነ ለዓመታት አልፏል።

ለጋሼ ይሄን ሳሳያቸው ዝም አሉ። ከዚያ «የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ ማወቅ ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ። አይቻልም። ሚዛኑ የላከው ጽሑፍ የትም አልተቀመጠም፣ የተቀመጠው የተቀየረው ቁጥር ብቻ ነው። አሁን ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ስትርቶዲ እና የተረፈው

ኤቶኤፍን በስትርቶዲ ተካሁ። ሥራቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ስትርቶዲ ሁለተኛ ነገር ትቀበላለች፦ ንባቧ የት ላይ እንዳበቃ የምታስቀምጥበት ፖይንተር (ቦታ ጠቋሚ)። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ናል (ባዶ) ሰጥቶ ያልፋል። እንደዚያ ከሆነ ባትቀይራት ይሻልሃል፣ ኤቶኤፍ ማለት በግልጽ እሷ ናት።

ፖይንተሩን ስትቀበል ሁለት ነገር ታያለህ። ከተነሳበት ካልተንቀሳቀሰ ምንም ቁጥር አልተነበበም፣ ያ ዜሮ እውነተኛ ዜሮ አይደለም ማለት ነው። ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የቆመበት ቦታ ላይ ምን አለ? ለዋጋው የጽሑፉ መጨረሻ መሆን አለበት፣ ሌላ ነገር ካለ አይሆንም። ለክብደቱ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ መቆም ራሱ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ከቁጥሩ በኋላ ባዶ ቦታዎቹና «ጂ» መኖር አለባቸው። እነሱ ከሌሉ መስመሩ ተቆርጧል። +0008. ብሎ የሚቆመው ያ ሌባ መስመር የሚያዘው በዚህ ነው። የግራም ምልክቷ ጌጥ ትመስላለች እንጂ ቁጥሩ ሙሉ ለመሆኑ ያለን ምስክር እሷ ብቻ ናት።

በርግጥ ከዚያ በፊት ንባቡን ራሱ አስተካክያለሁ። የመጣው ሁሉ ቋት ውስጥ ይጠራቀማል፣ መስመር የሚዘጋው ባይት ሲመጣ ብቻ 17 መሆኑ ይታያል፣ መጀመሪያው «ኤስ ቲ» መሆኑ ይታያል፣ ከዚያ ነው ወደ መቀየር የሚኬደው። ድሮ ያልታየው «ዩ ኤስ» አሁን አይታለፍም፣ የሚወዛወዝ ሚዛን ደረሰኝ አያወጣም።

ሌላ የገረመኝ አለ። ይሄ ሚዛን ከአቅሙ በላይ ሲጫነው፣ ለምሳሌ ሰው ክርኑን ሲያሳርፍበት፣ በ«ኦ ኤል» የሚጀምር መስመር ይልካል፣ ቁጥሩ ቦታ ላይ ደግሞ +9999999 ይልና ኢ ፊደልን ከመደመር ምልክትና ከ19 ጋር ያስከትላል። ለሰው ይሄ «በዛብኝ» ማለት ነው። ለስትርቶዲ ግን ቆንጆ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ነው፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ምናምን ሲባዛ በአሥር ኃይል 19። ያለ ምንም ቅሬታ ትቀይረዋለች። ኤርኖ የምትባለው የስህተት መዝገብም አትነሳም። ደብል እስከ አሥር ኃይል 308 ድረስ ስለሚሄድ ይሄ ለእሱ ገና ጨዋታ ነው። ስለዚህ ኤርኖን ማየት ብቻ አይበቃም፣ የራስህ ገደብ ያስፈልግሃል። ኤርኖን ስታይም ከመጥራትህ በፊት ራስህ ዜሮ አድርጋት፣ ማንም የላይብረሪ ፈንክሽን አያጠፋልህም፣ የትናንቱ ስህተት ዛሬ ይወጣብሃል።

ገደቡን ስትጽፍ ደግሞ አጻጻፉ ለውጥ አለው። «ከዝቅተኛው ካነሰ ወይም ከከፍተኛው ከበለጠ ጣለው» ካልክ አንድ ነገር ያመልጥሃል። ከሲ99 (ከ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ) ጀምሮ ስትርቶዲ «ናን» (ቁጥር አይደለም ማለት ነው) የሚለውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ፊደል ስታገኝ ትቀበላለች፣ ናን ደግሞ ከማንኛውም ቁጥር ጋር ሲወዳደር አይበልጥምም አያንስምም፣ ሁለቱም ሐሰት ይሆናሉና ያልፋል። «በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ከሆነ ብቻ ተቀበል» ብለህ ጻፈው። ወርቅ ቤት ናን ማን ይጽፋል ትሉ ይሆናል፣ ማንም። ግን የኪቦርድ ቋንቋ ሳይቀየር የሚጻፍ ነገር ጉድ ነው።

ስለ ኪቦርድ ካነሳን፣ ካሸሯ አማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆና 12፣500 ብላ ጽፋ አግኝቻለሁ። ያቺ ነጠላ ሰረዝ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ናት፣ ለስትርቶዲ ፍጹም ባዕድ ነች። ኤቶኤፍ ብትሆን እሷም 12 ትል ነበር።

በነገራችን ላይ፣ እናንተ ጋ ኤቶኤፍ ከመቁረጥ ይልቅ ጭራሽ ቅጥ ያጣ ቁጥር የምትሰጣችሁ ከሆነ ችግሩ ከዚህ የተለየ ነው፣ ምናልባት የስታንዳርድ ላይብረሪውን ሄደር (ፈንክሽኖቹን የሚያስተዋውቀውን ፋይል) አላስገባችሁም። በድሮው ሲ ያልተዋወቀ ፈንክሽን ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1999ኙ ስታንዳርድ ቀርቷል፣ ግን ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይሩት) ለረጅም ጊዜ በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፉት ነበር። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከ2024ቱ 14ኛ እትሙ ጀምሮ ነው እንደ ስህተት ቆጥሮ የሚከለክለው።

ፍሎቱ ራሱ

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ የቀኑ ድምር አሁንም አልገጠመም። በሳንቲም ነው፣ ግን ካሸሯ አካውንታንት ናት፣ በሳንቲም አትተውህም።

ዋጋዎቹ ከስትርቶዲ የሚመጡት ደብል ሆነው ነው፣ የሚቀመጡት ግን ፍሎት ውስጥ ነበር። ፍሎት ለቁጥሩ ያለው 24 ቢት ነው፣ ሰባት አሃዝ ገደማ። ይሄ ለአንድ ቀለበት ይበቃል፣ ለቀን ድምር ግን አይበቃም። ከ131,072 በላይ ስትሆን በሁለት ተከታታይ ፍሎቶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ስልሳ አራተኛ ነው፣ ከአንድ ሳንቲም ይበልጣል። ማለትም አንዳንድ ሳንቲሞች ፍሎት ውስጥ የሉም። 234,567.90 ብለህ አስገባ፣ ስታትመው 234,567.91 ይልሃል፣ ምንም ሂሳብ ሳትሠራ። ከሚሊዮን ትንሽ አለፍ ስትል፣ ከ1,048,576 ጀምሮ፣ እርምጃው 12 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ቁጭ ብሎ ሚሊዮን ማለፍ ደግሞ ብርቅ አይደለም።

ሁሉንም ደብል ማድረግ ይቻል ነበር፣ 53 ቢት ስላለው ለዚህ ሥራ ይተርፋል። ግን ደብልም ሳንቲምን በትክክል አያውቃትም። ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለመደመር የምናባዛበትን 1.15 ውሰድ። ደብል ውስጥ በ100 ስታባዛው 114.99999999999999 ነው የሚመጣው። ኢንት ውስጥ ስትከተው 114። አንዷ የት ሄደች? ማጠጋጊያ ፈንክሽን ካልጠራህ ተቆርጣ ቀረች።

እና ወሰንኩ። ክብደቱ በሚሊግራም፣ ብሩ በሳንቲም፣ ሁሉም በ64 ቢት ኢንቲጀር (ነጥብ የሌለው ሙሉ ቁጥር)። ቀለበታችን 8412 ሚሊግራም ነው፣ የግራሙ ዋጋ 1,250,000 ሳንቲም። ብዜቱ 10,515,000,000 ይመጣል፣ በ1000 ሲካፈል 10,515,000 ሳንቲም፣ 105,150 ብር። የመካከለኛው ብዜት በ32 ቢት እንደማይገባ ልብ በሉ፣ እዚያ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። ካራቱም እንደዚሁ፣ 0.75 ወይም 0.916 እያልኩ አላስቀምጥም፣ 18 በ24፣ 22 በ24 እያልኩ መጀመሪያ አባዝቼ ኋላ አካፍላለሁ።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። «ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን የራሳችንን ኤቶኤፍ አንጽፍም? አሃዝ በአሃዝ በአሥር እያባዛን መደመር ነው እኮ።» ለኢንቲጀር እውነቱን ነው፣ ያንኑ ነው የጻፍነው። ነጥቡን ፈልግ፣ ከግራው ያለውን አንብብ፣ ከቀኙ ያሉትን አሃዞች ቁጠር፣ ጎደሎውን በዜሮ ሙላ፣ በዛ ካለ ጣል። ማንም ጀማሪ ይጽፈዋል፣ ቴስቱም ቀላል ነው።

ለፍሎት ግን አትሞክሩት። ጽሑፉን እስከ መጨረሻዋ ቢት ድረስ ትክክል ወደሆነው ቅርብ ደብል ማድረስ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። በ1990 ዊልያም ክሊንገርና ዴቪድ ጌይ ስለዚሁ ብቻ ለየብቻ ጽፈዋል፣ የጌይ ኮድ እስከ ዛሬ በየቋንቋው ውስጥ አለ። ያም ሆኖ በ2011 መጀመሪያ ፒኤችፒ 2.2250738585072011 በአሥር ኃይል ከዜሮ በታች 308 የሚለውን ጽሑፍ ሲቀበል በ32 ቢት ማሽኖች ላይ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ይቀር ነበር። ጃቫም በዚያው ሰሞን መጨረሻ አሃዟ 1 ሳትሆን 2 በሆነችው ቁጥር ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። አንዲት ጽሑፍ ሰርቨር ታቆማለች። አዋቂዎቹ ላይ ይሄ ከደረሰ እኛ በአንድ ከሰዓት የምንጽፈው ምን እንደሚሆን ገምቱ።

ስለዚህ ስትርቶዲ አንድ ቦታ ብቻ ቀረች፣ የእጅ ሥራ ፐርሰንቱ የሚነበብበት የቅንብር ፋይል ላይ። እዚያም አንዴ ሠርታለች። ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ ከፍተው ሲያስቀምጡት ሦስት የማይታዩ ባይቶች መጀመሪያው ላይ ተጣብቀውበት መጣ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፖይንተሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፣ ፕሮግራሙም ዜሮ ፐርሰንት ብሎ ከማለፍ ይልቅ «የመጀመሪያው መስመር አይነበብም» ብሎ ቆመ።

የቀረው ኮማ ነው። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ኮማ ያለበትን ዋጋ በሙሉ መከልከል ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። «ልጄ፣ ሰው የለመደውን ይጽፋል፣ ማሽኑ ይልመድ።» ልክ ናቸው። ግን ኮማን ዝም ብሎ መሰረዝም አይሆንም፣ 12,50 ብሎ የጻፈ ሰው አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ማለቱ ይሁን አንድ ዜሮ ረስቶ 12,500 ማለቱ አይታወቅም፣ ኮማውን ብንሰርዘው ደግሞ 1250 ይሆናል፣ እሱን ማንም አላለም። ስለዚህ ኮማ የሚፈቀደው ከእያንዳንዱ በኋላ በትክክል ሦስት አሃዝ ካለ ብቻ ነው። የአማርኛዋም ነጠላ ሰረዝ በዚሁ ሕግ ትገባለች። ከነጥብ በኋላ ከሁለት አሃዝ በላይ ለዋጋ አይፈቀድም። ያላለፈው ሁሉ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ የተጻፈው እንዳለ፣ ንባቡ የቆመበት ፊደል በቀይ።

ከነጥብ በኋላ ያለው ሕግ ሲመጣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ማን ሦስት አሃዝ ይጽፋል» ብሎኝ ነበር። ወንድምየው ዳግም ከጀርመን መጥቶ ካሸሯ ምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠና 12.500 ጻፈ። እሱ ለሺው ነጥብ ነው የለመደው። ድሮ ቢሆን አሮጌው ኮምፒውተር ያለ ጥያቄ 12 ብር ከሃምሳ ብሎ ይቀበለው ነበር። አሁን ሦስተኛዋን አሃዝ በቀይ አሳይቶ መለሰለት። ዋጋው መግባት የሚችልበት ዝቅተኛና ከፍተኛ ገደብም አለ፣ ግን ወርቅ ዛሬ ያለበት ነገ ስለማይገኝ ኮዱ ውስጥ አላሰርኩትም፣ ቅንብር ፋይሉ ላይ ነው፣ የሚቀይሩትም ጋሼ ብቻ ናቸው።